የላሟ ስውር መዳፍ

ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ ሲኬድ ጉርድ ሾላ ላይ የዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም፣ የኢልሪ፣ ግቢ አለ። የግቢው ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት የ172 አፍሪካዊ ነባር ከብቶችን ሙሉ ዘረ መል መርምሮ ነበር። አብዛኞቹ የሁለት ዘር ልጆች ናቸው፤ ሻኛ የሌለው የጥንቱ የአፍሪካ ከብትና ከእስያ የመጣው ባለሻኛ። የተዋሐዱት ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ከዚህ ውርስ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ በ23ኛው ክሮሞዞም ላይ የሰፈረው የጂኖች መንደር ነው። እነዚህ ጂኖች በሴል ገጽ ላይ እንደ መዳፍ የሚዘረጋ ፕሮቲን ይሠራሉ። ቫይረስ ሲገባ መዳፉ የቫይረሱን ቁራጭ ይዞ ለነጭ የደም ሴሎች ያሳያል፤ እነሱም ጠላታቸውን ለይተው ይነሣሉ። ከመዳፉ ቅርጽ ጋር ያልገጠመ ቁራጭ ግን አይያዝም፣ አይታይምም። አንዲት ላም ከእያንዳንዱ ጂን አንዱን ከአባቷ፣ አንዱን ከእናቷ ትወርሳለች። ዲአርቢ3 የተባለው ጂን ብቻ በዓለም ከብቶች ከ300 በላይ ዓይነት አለው። ከአንዷ ላም መዳፍ ያመለጠውን ቫይረስ ጎረቤቷ ትይዘዋለች።

የከብት ሉኪሚያ ቫይረስን እንውሰድ። አንዴ ከገባ ዕድሜ ልክ አይወጣም። ሆኖም የተወሰነ የዲአርቢ3 ዓይነት ባላቸው ላሞች ደም ውስጥ ያለው ቫይረስ እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኝቷል። ያን አንድ ዓይነት መርጦ ሌላውን መጣል ግን ለሚቀጥለው ቫይረስ በር መክፈት ነው።

ጂን ብቻውንም አያድንም። በ1880 ዓ.ም. ግድም በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ ከአሥር ከብት ዘጠኙን እንደፈጀ ይገመታል፤ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብም ተከተለ። በሽታውን ያጠፋው ክትባት ነው፤ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታወጀ።

ዛሬ በአዲስ አበባ በረቶች በብዛት የሚታለበው የሆልስታይን ክልስ ነው። ወተቱ ያስፈልገናል። ነገር ግን የሰሜን አሜሪካ የሆልስታይን ማዳቀያ ኮርማዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በአባት ሐረጋቸው እ.ኤ.አ. በ1880 ከተወለዱ ሁለት ኮርማዎች ይመዘዛሉ። ከእንዲህ ያለ ጠባብ ምንጭ ብቻ ስንቀዳ የመዳፎቹ ዓይነት ይመናመናል። ስለዚህ ቦረናው፣ ሆሮው፣ ፎገራውና በጋይቱ ሳይከለሱ የሚረቡበት መንጋ በየአገራቸው መቅረት የለበትም። ዲአርቢ3ን ለማንበብ ጥቂት የደም ጠብታ ይበቃል። በኮርማ መዝገብ ላይ ከእናቱ የወተት መጠን ቀጥሎ ቢጻፍ እወዳለሁ።