ትኩሳትና ቁርጥማት በልጆች ላይ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚባለውና እውነታው

ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ትኩሳት ይዞት ጉልበቱ ሲያብጥ በደቡብ ጎንደር በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቀድሞ የሚነገረው ምክንያት “ብርድ መታው” ነው። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚቆምበት አገር ይህ መባሉ አያስገርምም። ሐኪሞች የሩማቲክ ትኩሳት የሚሉት በሽታ ግን ከብርድ አይመጣም። መነሻው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የሚያስከትለው የጉሮሮ ሕመም ነው። ጉሮሮው ከዳነ ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ፣ ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። በሽታው በሞቃቶቹ የፓስፊክ ደሴቶች ብዙ ልጆችን ይይዛል፤ ከብርዳማው ሰሜን አውሮፓ ደግሞ ኑሮና ሕክምና ሲሻሻል ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ብርድ ድርሻ ቢኖረው ቤተሰቡ በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ እንዲያድር በማድረጉ ነው፤ ባክቴሪያው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው እንዲያ ሲሆን ነው።

“ከዘር የመጣ ነው” የሚለውም አባባል ይሰማል። በርግጥ በዘር የሚወረስ የትኩሳት በሽታ አለ። የሜዲትራኒያን ትኩሳት የሚባለው ይህ በሽታ በአርመኖች፣ በቱርኮች፣ በአረቦችና በአይሁዶች ዘንድ በብዛት ይታያል፤ ምክንያት የሆነው ዘረመል በ1997 እ.ኤ.አ. ተለይቷል። ትኩሳቱ ከ1 እስከ 3 ቀን ይቆይና ይለቃል፣ እየተመላለሰም ይነሣል። መድኃኒቱ በየቀኑ የሚዋጥ ኮልቺሲን ነው፤ የዳሌ ወይም የጉልበት ብግነቱ ለወራት አልለቅ ላላቸው ጥቂቶች ግን ኮልቺሲን ብቻውን ስለማይበቃ ሌሎች ብግነት አብራጆች ይታከሉበታል። ሩማቲክ ትኩሳት ከዚህ ይለያል። ለበሽታው የተጋለጠ ቤተሰብ ቢኖርም፣ ወንድማማቾች ተከታትለው ሲታመሙ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት አብረው የተጋቡት የጉሮሮ ሕመም ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው የመገጣጠሚያው ሕመም ጠባይ ነው። ሰኞ ጉልበት ላይ ያበጠው ሐሙስ ይጎድልና ቁርጭምጭሚት ላይ ይነሣል፤ ከዚያ ወደ ክርን ወይም ወደ እጅ አንጓ ይዞራል። ምንም ባይደረግለትም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቃል፣ መገጣጠሚያውንም አያበላሽም። በዚህ መካከል ልጁ ዋግምት ተደርጎለት፣ በወጌሻ ታሽቶ ወይም ፍል ውኃ ገብቶ ከሆነ፣ ፈውሱ የዚያ ይመስላል። ቤተሰቡ የሚያየው ልጁ መራመዱን ነው፤ ልቡን ማን ያየዋል? ቫልቭ የሚባሉት የልብ በሮች ግን በዚያው ሰሞን ቆስለው ሊሆን ይችላል። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ አቀበት ሲወጣ ትንፋሽ በማጠር፣ በእግር እብጠት፣ በሴት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእርግዝና ወቅት ይገለጣል። ጠበል መጠመቅ ሐኪም ቤት ከመሄድ አያግድም፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ለኤችአይቪ ሕሙማን ጠበልንና መድኃኒትን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል አስተምረዋል። የሚጎዳው ለአንዱ ሲሉ ሌላውን ማቋረጥ ነው።

እንጥል ማስቆረጥ ሕመሙን ከሥሩ ይነቅላል የሚለው እምነት ሐሰት ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። ባክቴሪያው ጉሮሮና ቶንሲል ላይ እንጂ እንጥል ላይ ተሰብስቦ አይቀመጥም። ምላጩ ግን ደም መፍሰስን፣ መንጋጋ ቆልፍንና ሌላ ኢንፌክሽንን ያመጣል። የጉሮሮ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን ሩማቲክ ትኩሳትን ይከላከላል፤ ምላጭ ይህን አያደርግም።

“ልጁ ድኗል፣ መርፌው ለምን?” የሚለው ጥያቄ ብዙ ሕፃናትን ዋጋ አስከፍሏል። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነጭ ዱቄት ነው፤ በውኃ ሲበጠበጥ ወተት ይመስላል፣ ወፍራም ስለሆነም መቀመጫ ላይ ሲወጋ ያማል። በየ4 ሳምንቱ፣ አንዳንዴም በየ3 ሳምንቱ፣ የሚሰጠው ያለፈውን ለማከም ሳይሆን አዲስ የጉሮሮ ኢንፌክሽን በሽታውን እንዳይመልሰው ነው፤ እያንዳንዱ ግርሻ ቫልቩን ይበልጥ ያበላሻልና። ልቡ ያልተነካ ልጅ ቢያንስ ለ5 ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ የረዘመውን፣ ይወስዳል። ቫልቩ ለዘለቄታው የተጎዳ ግን እስከ 40 ዓመቱ፣ አንዳንዴም ዕድሜውን ሙሉ ይወጋል። መርፌው ይገድላል የሚለው ፍርሃት ፈጽሞ መሠረት የለሽ አይደለም። ከባድ አለርጂ ብርቅ ቢሆንም ያጋጥማል፤ ልባቸው እጅግ ለደከመ ሕሙማን ደግሞ የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. በአፍ የሚዋጠውን ፔኒሲሊን መክሯል። ይህን የሚወስነው ግን ሕሙሙን የመረመረው ሐኪም ነው። ቫልቩ ክፉኛ ከተበላሸ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ በመሠረቱት ድርጅት አማካይነት የተቋቋመው የልብ ማዕከል የሚሠራውም ይህን መሰሉን ነው።

በመጨረሻ፣ ቁርጥማት ሁሉ አንድ አይደለም። የሩማቲክ ትኩሳት ቁርጥማት በአስፕሪን ወይም በመሰሎቹ መድኃኒቶች በ2 ወይም 3 ቀን ውስጥ ይታገሣል። እንዲህ ካልሆነ፣ ወይም አንድ መገጣጠሚያ ላይ ተተክሎ ለሳምንታት ከቆየ፣ ሌላ ነገር መፈለግ አለበት፦ የመገጣጠሚያ ቲቢ፣ ካልተፈላ ወተት የሚመጣ ብሩሴሎሲስ፣ ወይም ሥር የሰደደ የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት። አንድ ጉልበቱ ወይም ዳሌው በድንገት ታሞ፣ በከባድ ትኩሳት እግሩን መርገጥ ያቃተው ልጅ መግል ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን፣ ከነፋስ መውጫም ሆነ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ፣ ሆስፒታል መድረስ አለበት። እንዲህ ያለው መገጣጠሚያ አይታሽም።