የጠመንጃ ውልወላ ኬሚስትሪ፦ ውኃ ከዘይት የሚቀድምበት ምክንያት

ጠመንጃ በተተኮሰ ቁጥር በአፈሙዙ ውስጥ የሚቀረው ቆሻሻ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የባሩድ ጥላሸት፣ ከጥይቱ ልባስ ተፍቆ የተለጠፈ መዳብ፣ የእርሳስ ብናኝና ለዓይን የማይታይ ጨው ተደራርበው ይገኛሉ። እነዚህ ነገሮች በኬሚካዊ ባሕርያቸው እጅግ የተራራቁ በመሆናቸው አንዱን የሚያስለቅቅ ማሟሚያ፣ ማለትም ሌላን ነገር በውስጡ አሟሙቶ የሚወስድ ፈሳሽ፣ ሌላውን ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል። በመሆኑም መሣሪያ የሚወለውል ሰው ማንኛውንም ፈሳሽ ከማንሣቱ በፊት የቆሻሻውን ዓይነት መለየት ይኖርበታል።

ከሁሉም ይበልጥ አፈሙዝ ሲያበላሽ የኖረው ጨው ነው። በቀለሁ ግርጌ የሚገኘው ማቀጣጠያ፣ ይኸውም መርፌው ሲመታው ነበልባል ፈጥሮ ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ ክዳን፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በአብዛኛው ፖታሲየም ክሎሬት የተባለ ውሕድ ነበረበት፤ ይህ ውሕድ በፍንዳታው ጊዜ ኦክስጅኑን ይለቅና የገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ወደሆነው ወደ ፖታሲየም ክሎራይድ ይለወጣል። ጨዉ ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ፣ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 84 በመቶ ገደማ ሲደርስ ራሱ ቀልጦ ብረቱ ላይ የጨው ውኃ ይሆናል፤ ዝገቱም በዚያው ይጀምራል። የዘመኑ ተኳሾች አፈሙዙን በዘይት በሚገባ አሽተው ካስቀመጡ በኋላ ዝጎ ሲያገኙት ጥፋቱን አዲስ በመጣው ጭስ አልባ ባሩድ አሲድ ያሳብቡ ነበር። የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ ተመራማሪ የነበረው ዊልበርት ሃፍ ግን በዘይት ሽፋን ሥር የሚከሠተውን ዝገት መርምሮ ጥፋተኛው ጨዉ መሆኑን፣ በደረቅ አየር ውስጥም ዝገቱ እንደማይከሠት አሳየ።

ዘይት ጨዉን ማስወገድ ያልቻለበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጨው የተሠራው አዎንታዊና አሉታዊ ኤሌክትሪክ ከተሸከሙ አዮኖች ሲሆን፣ ሁለት ተቃራኒ ጫፍ ያለው የውኃ ሞለኪውል እነዚህን አዮኖች እየጎተተ ይለያያቸዋል፤ እንዲህ ዓይነት ጫፍ የሌለው የማዕድን ዘይት ግን ጨዉን ሸፍኖት ብቻ ይቀመጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ቀዳሚው መድኃኒት ፈላ ያለ ውኃ ነው፤ ሙቀቱ ብረቱን ስለሚያግለው የቀረው እርጥበት ፈጥኖ ይተናል፣ ከዚያም ደረቅ ጨርቅ ይከተላል፣ ዘይት የሚቀባው በመጨረሻ ነው። ኢትዮጵያውያን ውጅግራ የሚሉትና በዓድዋ ጦርነት ከተሰለፉት አንዱ የሆነው የ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጠመንጃ የሚተኩሰው ጥቁር ባሩድም ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ጠጣር ዝቃጭ፣ በተለይም የፖታሲየም ጨዎችን፣ ስለሚተው ለእርሱም ከውኃ የሚሻል ማሟሚያ አልነበረም።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ ክሎሬት የሌለበት ማቀጣጠያ ለገበያ ቢቀርብም፣ በቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረትና በምሥራቅ አውሮፓ የተመረቱ ብዙ ወታደራዊ ጥይቶች ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት በአሮጌው ማቀጣጠያ ቀጥለዋል። የክላሽ አፈሙዝ በክሮም የተለበጠ በመሆኑ ይቋቋመዋል፤ ክሮም ያልደረሰባቸው ክፍሎች ግን ያለ ውኃ ከዝገት አያመልጡም።

ይሁንና ውኃ ሁሉንም ዝቃጭ ያሟሟል ማለት አይደለም። በቬትናም ጦርነት የኤም 16 ጠመንጃ መጨናነቅ የአሜሪካን ምክር ቤት በ1967 እ.ኤ.አ. እስከ ምርመራ ባደረሰ ጊዜ ከተገኙት ምክንያቶች አንዱ፣ አሲድን እንዲያረክስ በባሩዱ ውስጥ የተጨመረው ካልሲየም ካርቦኔት በጋዝ ቱቦው ውስጥ መከማቸቱ ነበር፤ ይህ ውሕድ የኖራ ድንጋይ ዋና ይዘት ሲሆን ውኃ አያሟሟውም። ከዚህ የከፋው ስሕተት መሣሪያው ብዙ ጽዳት አያስፈልገውም ተብሎ ወታደሮች በቂ የመወልወያ ዕቃ ሳይሰጣቸው መዝመታቸው ነው።

ጥላሸትን ለማላላት ከነዳጅ የሚገኙ ፈሳሾች ይመረጣሉ፤ ላምባ ወደ ቆሻሻው ሥር ሰርጎ ከብረቱ ያላቅቀዋል፣ የቀረው የብሩሽ ሥራ ነው። መዳብ ግን ለላምባም ለውኃም አይበገርም፤ ለእርሱ አሞኒያ ያለበት ማሟሚያ ያስፈልጋል፤ አሞኒያ ከመዳብ አዮኖች ጋር ተጣምሮ ሰማያዊ ውሕድ ስለሚፈጥር፣ በአፈሙዙ ውስጥ ያለፈው ነጭ ጨርቅ ሰማያዊ ሆኖ መውጣቱ መዳቡ ገና እንዳላለቀ ይናገራል። ብሩሹ ራሱ ከነሐስ የተሠራ ከሆነ ግን ያው ቀለም ከብሩሹ ሊመጣ ስለሚችል ጨርቁ በሌላ ዘንግ ማለፍ አለበት፤ አሞኒያም ኒኬል የተለበጠ መሣሪያን ስለሚጎዳ አምራቹ ከጻፈው ጊዜ በላይ አይቆይም።

ወደ ማለስለሻ ስንመጣ፣ ሥራው በሚፋተጉ ብረቶች መካከል ስስ ሽፋን ሆኖ መለየትና እርጥበትን መከላከል ነው። የምግብ ዘይት ለዚህ አይሆንም፤ በተለይ የኑግ ዘይት ሊኖሌይክ በተባለ አሲድ የበለጸገ በመሆኑ ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ወደ ሙጫነት ይቀየራል፣ መርፌውንም ይይዛል። ደብልዩ ዲ 40 የተባለው ዝነኛ ፈሳሽም በ1953 እ.ኤ.አ. የተሠራው ውኃን ከብረት ላይ ለማባረር ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ ስለሚተን ከታጠበ በኋላ እርጥበት ለማስወጣት ይጠቅማል እንጂ የዘላቂ ማለስለሻን ቦታ አይተካም። አቧራ በሚበዛበት ቆላ የበዛ ዘይት አሸዋን ሰብስቦ ብረቱን የሚፍቅ ጭቃ ስለሚሆን ስስ ቅባት ይበቃል፤ በብርድ ደግሞ ወፍራም ቅባት ስለሚረጋ ቀጭን ዘይት ይሻላል።

ማንኛውም ውልወላ የሚጀመረው ካዝናው ወጥቶ፣ በጥይት ማረፊያው ውስጥ ጥይት አለመኖሩ በዓይንና በጣት ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ቤንዚን በቀላሉ ስለሚቀጣጠልና ትነቱ ጤና ስለሚጎዳ ፈጽሞ አይነካ፤ ላምባና አሞኒያም ነፋስ በሚገባበት፣ እሳት በሌለበት ስፍራ ይሁኑ፤ እርሳስ የነካ እጅም ምግብ ከመቅረቡ በፊት በሳሙና ይታጠብ።