ወንድ ልጅና ሽቶ፤ አመራረጡና አቀባቡ

ስለ ሽቶ በተነሣ ቁጥር በእኛ በተማሪዎቹ መካከል ሁለት ወገኖች ይታያሉ። አንደኛው ወገን «ሽቶ የሴት ነው» እያለ በተቀባው ጓደኛው ላይ ይሣለቃል። ሁለተኛው ደግሞ ቅዳሜ ማታ ለመውጣት ሲሰናዳ የጠርሙሱን እኩሌታ በላዩ ላይ ያፈሰዋልና፣ እሱ ከመድረሱ አስቀድሞ ሽታው በር ያንኳኳል። ሁለቱም ነገሩን ጠይቀው የተረዱት አይመስለንም። ስለዚህ ሽቶ ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚቀባ ባጭሩ ለመግለጽ አስበናል።

በመጀመሪያ «የሴት ነው» ለሚሉት ወንድሞቻችን መልስ እንስጥ። ኮሎኝ የሚለው ስም የተገኘው ኮሎኝ ከምትባለው የጀርመን ከተማ ነው። በዚያች ከተማ በ1709 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የፋሪና ቤተሰብ የንግድ ቤት ይሸጠው የነበረውን የመዓዛ ውሃ ወንዱም ሴቱም ይቀባው ነበር። በአሜሪካም ኦልድ ስፓይስ የተባለው ሽቶ በ1937 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ የወጣው ለሴቶች ነበር፤ የወንዶቹ የተከተለው በ1938 ነው። ዛሬ ግን ስሙ ሲጠራ የሚታሰበው የወንድ ሽቶ ነው። ዛሬ «የወንድ ሽታ» የምንለው ራሱ የቤተ ሙከራ ልጅ ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ፐርኪን በ1868 እ.ኤ.አ. ኩማሪን የተባለውን፣ እንደ ታጨደ ደረቅ ሣር የሚሸተውን ነገር ሠራ፤ በ1882 ደግሞ ኡቢጋን የተባለው የፈረንሳይ ሽቶ ቤት ኩማሪንን ከላቬንደር ጋራ ቀምሞ ፉዤር ሯያል የሚባለውን ሽቶ አወጣ። ብዙዎቹ የወንድ ሽቶዎች የዚያ ዘር ናቸው። እንግዲህ ይህ የወንድ፣ ያ የሴት የሚለውን ክፍፍል በአብዛኛው ያበጀው ነጋዴው መሆኑን ልብ ይሏል።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠን ግን ከገዛ አገራችን የሚወጣው ዝባድ ነው። ዝባድ ከጥሪኝ የሚገኝ ቅባት ሲሆን፣ አርቢው ከእንስሳው እየፋቀ ያወጣውን በከብት ቀንድ አሽጎ ለነጋዴ ይሸጠዋል። የውጭ አገር ሽቶ ቀማሚዎችም ለረዥም ዘመን ከኢትዮጵያ ሲገዙ ኖረዋል። ዝባድ እንዳለ ሲያሸቱት ይከረፋል፣ አፍንጫ ያስይዛል። በአልኮል ተበርዞ በጥቂቱ ከአበባ ዘይት ጋራ ሲቀላቀል ግን ለሽቶው ሙቀት ይሰጠዋል፣ ዕድሜውንም ያረዝምለታል። ጥሪኙ በጠባብ ሣጥን ተዘግቶ ስለሚሰቃይ ብዙ ቀማሚዎች ዛሬ በኬሚስትሪ የተሠራ ምትክ ይጠቀማሉ። የዝባድ ትምህርት ግን አልተለወጠም፤ ይኸውም በሽቶ ነገር መጠን ከሁሉ ይበልጣል ማለት ነው።

በጠርሙሱ ውስጥ ያለው በአልኮል የሟሟ የመዓዛ ዘይት ነው። በጠርሙሱ ላይ የሚጻፉት የፈረንሳይኛ ስሞች ብዙውን ጊዜ የሚነግሩን የዘይቱን ብዛት ነው። በልማድ ኦ ደ ኮሎኝ ከ2 እስከ 5 በመቶ፣ ኦ ደ ቷሌት ከ5 እስከ 15 በመቶ፣ ኦ ደ ፓርፈም ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ዘይት ይኖረዋል፤ ቁጥሩም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ስለዚህ ኦ ደ ፓርፈም የተባለው ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ብርቱ ነው እንጂ የተሻለ ነው ማለት አይቻልም። ቀኑን ሙሉ በክፍልና በቤተ መጻሕፍት ለምንውል ለእኛ ቀላሉ ይበቃናል።

ሽቶ ሲመረጥ መቸኮል አይገባም። ዘይቶቹ ሁሉ እኩል አይተኑምና። መጀመሪያ የሚሸተን እንደ ሎሚና ብርቱካን ያለው ቀላሉ ነው፤ እሱ ግን በጥቂት ደቂቃ ይጠፋል። ከዚያ የላቬንደርና የአበባው ተራ ይመጣል። በመጨረሻ የሚቀረው እንደ እንጨት፣ እንደ እጣንና እንደ ከርቤ ያለው ከባዱ ነው፤ ከእኛ ጋራ የሚውለውም ይህ የመጨረሻው ነው። ሻጩ በአምስት ደቂቃ ሊያስወስነን ቢፈልግ በሎሚው እየሸጠልን መሆኑን እንወቅ። የሚሻለው መጀመሪያ በወረቀት ማሽተት፣ ቀጥሎ ከሁለት የማይበልጡትን በሁለቱ ክንዶች ላይ አንዳንድ ጊዜ ነፍቶ ከሱቁ መውጣት ነው። ከሦስት ወይም ከአራት ሰዓት በኋላ ክንዳችንን ስናሸት የወደድነውን ያን ጊዜ ተመልሰን እንግዛ። በጓደኛችን ላይ ያማረው በእኛ ቆዳ ላይ ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና፣ የሰውን ምርጫ ሳንሞክር አንውሰድ።

አቀባቡን በተመለከተ የመጀመሪያው ሽቶ ውሃና ሳሙና ነው። ትኩስ ላብ ብዙም ሽታ የለውም፤ የሚያሸተው በቆዳ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ሲያፈርሱት ነው። ባልታጠበ ሸሚዝ ላይ ሽቶ የነፋ ሰው ሁለቱ ተደባልቀው ሦስተኛ ሽታ ይወልዱበታል። ከታጠቡ በኋላ ግን በደረትና በአንገት ላይ አንድ ሁለት ጊዜ መንፋት በቂ ነው። የበርጋሞት ዘይት ያለበት ሽቶ ፀሐይ በሚመታው ቆዳ ላይ ሲሆን ቆዳውን ሊያቃጥልና ጥቁር ምልክት ሊተው ስለሚችል፣ ፀሐይ ላይ ለሚውል ሰው ከልብስ ሥር ማድረጉ ይሻላል። ጠርሙሱንም በመስኮት ላይ ማስቀመጥ አይገባም፤ ብርሃንና ሙቀት ያበላሹታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። አፍንጫ የለመደውን ሽታ አይሰማም። የተቀባው ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ የራሱ ሽቶ የጠፋ ስለሚመስለው ይጨምራል፤ ነገም ከዛሬው አብልጦ ይጨምራል። በአጠገቡ የተቀመጠው ግን ሁሉንም ይሰማል። ሰው የማይወደውን ከማየት ዓይኑን ሊጨፍን ይችላል፤ መተንፈስን ግን ሊተው አይችልም። አስም ያለበት ወይም ራስ ምታት የሚነሣበት ጓደኛችን በመኝታ ቤት፣ በክፍልና በአውቶቡስ ከእኛ መሸሻ የለውም። ስለዚህ ሽቶአችን ክንዳችን ከሚደርስበት እንዳያልፍ እንጠንቀቅ። መጠኑንም የራሳችንን አፍንጫ ሳይሆን የማያፍረንን አንድ ጓደኛ እንጠይቅ።

በመጨረሻም ስለ ገንዘብ አንድ ቃል እንበል። በመካከላችን ለደብተርና ለፎቶ ኮፒ የሚቸገሩ፣ ከክፍለ ሀገር አንድ ሻንጣ ይዘው የመጡ ወንድሞች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ሽቶ ስለሌለው ከሰው ተርታ የወጣ እንዳይመስለው፣ ለዚህም ብሎ የምግቡን ገንዘብ ለታወቀ ስም እንዳያወጣ እንመክረዋለን። በታወቀ ስም የታሸገ ሐሰተኛም ሞልቷልና። ታጥቦ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ምንም አልጎደለውም። ሽቶ ያለን ደግሞ ይህን የመሰለውን ወንድማችንን በአነጋገራችንም ሆነ በጠርሙሳችን እንዳናሳፍረው እንጠንቀቅ።