ለሕሙማን የታሰበው ወንበር

ወንበር መቀመጫ ብቻ ነውን? የፊንላንዱ የሕንፃ ንድፍ አዋቂ አልቫር አልቶ (1898–1976 እ.ኤ.አ.) ለዚህ ጥያቄ በሥራው መልስ ሰጥቷል።

አልቶ በ1929 እ.ኤ.አ. በፓይሚዮ ለሚሠራው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ጣቢያ የወጣውን የንድፍ ውድድር አሸነፈ። ሕንፃው በ1933 ተጠናቀቀ። በዚያን ጊዜ ለበሽታው ፍቱን መድኃኒት ስላልነበረ፣ ለሕሙማን የሚታዘዘው በዋናነት ዕረፍት፣ ንጹሕ አየርና የፀሐይ ብርሃን ነበር። ስለሆነም ብዙ ሰዓት የሚቀመጡበት ወንበር የሕክምናው አንድ ክፍል ሆነ።

በዘመኑ አዲስ የተባሉት ወንበሮች የብረት ቱቦ ነበሩ። ብረት ግን ገላን ያቀዘቅዛል፤ ብርሃን ሲያርፍበትም ዓይን ይወጋል። አልቶ ስለዚህ በርች የተባለውን የአገሩን ዛፍ መረጠ። ስስ የእንጨት ንጣፎች በኮላ ተጣብቀው በቅርጽ ማውጫ ይጎብጣሉ፤ እግሩና የክንድ ማሳረፊያውም ከዚሁ ይወጣሉ። መቀመጫውና መደገፊያው አንድ ወጥ ኮምፔንሳቶ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ እንደ ክታብ ስለተጠቀለሉ ያለ ሞላ ይለምጣል። መደገፊያው ወደ ኋላ የተጋደመውም ሕመምተኛው በቀላሉ እንዲተነፍስ ታስቦ ነው።

በ1935 አልቶ ከባለቤቱ ከአይኖና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር አርቴክ የተባለውን ድርጅት በሄልሲንኪ አቋቋመ። ወንበሩ ዛሬም ይመረታል። የቀድሞዎቹ ግን በሙዚየም ይታያሉ፤ በጨረታም በውድ ዋጋ ይሸጣሉ። ለሕሙማን የታሰበው ዕቃ የባለጸጎች መሰብሰቢያ ሆነ ማለት ነው።

የእጅ ሥራ መምህር ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አለ። ተማሪው መጋዝ ከማንሣቱ በፊት «ምን ልሥራ?» ብቻ ሳይሆን፣ «ማን ይቀመጥበታል?» ብሎ እንዲጠይቅ ማስለመድ ነው።