ካርፕ፦ ተጋብዞ፣ ተጠልቶ፣ ተፈልጎ

ካርፕ የተባለው ዓሣ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው ሾልኮ ገብቶ አይደለም፤ መንግሥት ጋብዞት ነው። የምሥራቁ ወንዞች ዓሣ ሲመናመን በስፔንሰር ቤርድ የሚመራው የዓሣ ኮሚሽን ካርፕን ከጀርመን አስመጣ። እ.ኤ.አ. በ1877 ሩዶልፍ ሄሰል ለኮሚሽኑ ያመጣቸው ዓሦች በባልቲሞሩ ድሩይድ ሂል ፓርክ፣ ቆየት ብሎም በዋሽንግተን ሐውልት አቅራቢያ በነበሩ ኩሬዎች ተዋለዱ። የምክር ቤት አባላት ለመራጮቻቸው የካርፕ ጫጩት ያስልኩ ነበር፤ ያኔ ጫጩት ማግኘት እንደ ውለታ ይቆጠር ነበር።

ፍቅሩ ብዙ አልቆየም። ካርፕ ምግቡን የሚለቅመው የውሃውን ወለል እየማሰ ነው፤ ጭቃው ይነሣል፣ ዳክዬ የምትመገበው የውሃ ሣር ይነቀላል። 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ እንግዳው የማይረባ ዓሣ ተባለ፤ አጥማጁ ከመንጠቆ አላቆ ዳር ላይ ይጥለው፣ ግዛቶችም በመረብና በመርዝ ያሳድዱት ጀመር። ጉዳቱ እውነት ነው። ጋባዡ ግን ብዙም አይነሣም።

በ1990ዎቹ ነገሩ ተገለበጠ፤ ያውም ካርፕን ዞር ብለው የማያዩት በነበሩት፣ ከላባና ከክር በተሠራ ሰው ሠራሽ ዝንብ ትራውት የተባለውን ዓሣ በሚያጠምዱት ሰዎች። በ1997 ባሪ ሬይኖልድስ፣ ብራድ ቤፈስና ጆን ቤሪማን ካርፕን በዝንብ ስለማጥመድ መጽሐፍ አወጡ። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፦ የትራውት ወንዝ ሩቅ ነው፣ ሰውም ይበዛበታል፤ ካርፕ ደግሞ ዴንቨር ከተማን አቋርጦ በሚያልፈው ሳውዝ ፕላት ወንዝ ውስጥ፣ ከድልድይ ሥር አለ። ሞኝም አይደለም። ጥላ ካየ ወይም ኮቴ ከሰማ ይሸሻል፤ ዝንቧ አፍንጫው ሥር ካልወረደች ዞር ብሎ አያያትም፤ ሲጎርስም ክሩ እምብዛም አይነቃነቅም። ከተያዘ በኋላ ግን ጎትቶ ክሩን ከመጠቅለያው ያስለቅቃል። ዛሬ የትራውት ወዳጆች ማኅበር የዴንቨር ቅርንጫፍ ለወንዙ ገንዘብ የሚያሰባስበው በካርፕ ውድድር መሆኑ ያስቀኛል።

ይህ ሁሉ ሙገሳ ግን ለመጤው ነው። በካርፕ ስም አብረው የተናቁት አገር በቀሎች ብዙ ቆይተው ነው ዞር ብሎ የሚያያቸው ያገኙት። ካርፕ የሚመስለው ቢግማውዝ ቡፋሎ የተባለው ዓሣ የቅርብ ዘመዱ እንኳ አይደለም፤ በ2019 የታተመ ጥናት ከ100 ዓመት በላይ እንደሚኖር አሳየ፣ አንዷም 112 ዓመት ሞልቷት ተገኘች። በ2021 የተመራማሪዎች ቡድን እነዚህን ዓሦች ከካርፕ ጋር አንድ ላይ የሚጨፈልቀው «የማይረባ ዓሣ» የሚለው አጠራር እንዲቀር ጠየቀ፤ በ2024 ደግሞ ሚኒሶታ በሕግ አገር በቀሎቹን ከመጤዎቹ ለየች። በብዙ ግዛቶች ግን ቡፋሎን ሌሊት በመብራት እየፈለጉ፣ ያለ ቁጥር ገደብ በቀስት መውጋት ዛሬም ይፈቀዳል።