ባለቤት የሌለው ሀብት፦ የኦፕንኤአይ ሙግት

ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 ሲመሠረት በደላዌር ግዛት የተመዘገበው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ሆኖ ነው። የመመሥረቻ ሰነዱ ድርጅቱ ለማንም ሰው የግል ጥቅም እንዳልተቋቋመ በግልጽ ይናገራል። ዓመታት አልፈው ቱጃሮችና ጠበቆች ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲካሰሱ፣ የክርክሩ ሥር ይኸው ቃል ነበር።

በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለ ድርጅት ቦርድ አለው፣ ሥራ አስኪያጅ አለው፤ ባለአክሲዮን ግን የለውም። ለዕድር ያዋጣ ሰው ዕድርተኛ ነው፤ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ስለ ድንኳኑ መጠየቅ ይችላል። እዚያ ግን ለጋሽ ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ ባለድርሻ አይሆንም። ንብረቱ ለታለመለት ዓላማ መዋሉን በሕዝብ ስም የሚከታተለው በዋናነት የግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነው።

መለወጥ ግን ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም። በ1990ዎቹ የካሊፎርኒያው የጤና መድን ድርጅት ብሉ ክሮስ ወደ ትርፋማ ኩባንያነት ሲዞር፣ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ሀብት ለሁለት አዳዲስ የበጎ አድራጎት ተቋማት ተላልፏል።

ኦፕንኤአይም በ2019 ትርፉ ጣሪያ የተበጀለት ቅርንጫፍ ኩባንያ አቋቋመ፤ ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር አፈሰሰ። በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ሲወጣ የድርጅቱ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ጥያቄውም አብሮ ከበደ። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ኢሎን ማስክ በፌብሩዋሪ 2024 በሳን ፍራንሲስኮ ክስ መሠረተ፤ በጁን አነሣው፤ በኦገስት ደግሞ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይዞት ሄደ። ገንዘቤን የሰጠሁት ለሰው ልጆች ጥቅም ነው፣ ተታልያለሁ አለ። ኦፕንኤአይ በበኩሉ ማስክ ራሱ በ2017 ትርፋማ ኩባንያ እንዲቋቋምና አብላጫው ድርሻ የእሱ እንዲሆን ፈልጎ ነበር ሲል በዘመኑ የተጻጻፏቸውን ኢሜይሎች አውጥቶ ሞገተ። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው ጥቅም ስላላቸው፣ የሕዝቡን ጉዳይ ለእነሱ ብቻ መተው አይገባም።

በፌብሩዋሪ 2025 ማስክ የሚመራው ቡድን ለትርፍ ያልተቋቋመውን እናት ድርጅት በ97.4 ቢሊዮን ዶላር ልግዛ አለ። ቦርዱ ለሽያጭ አልቀረበም ብሎ መለሰው። ሐሳቡ ግን ውድቅ ቢሆንም ዳፋው አልቀረም። የበጎ አድራጎት ንብረት በርካሽ መተላለፍ ስለሌለበት፣ አንድ ገዢ ይህን ያህል ልክፈል ማለቱ ብቻ ለእናት ድርጅቱ ድርሻ ከዚያ ያነሰ ግምት መስጠትን አስቸጋሪ ያደርገዋል።

በቀጣዩ ወር የፌዴራል ዳኛዋ ኢቮን ጎንዛሌዝ ሮጀርስ፣ ማስክ ኦፕንኤአይ ወደ ትርፋማ ኩባንያነት እንዳይዞር ያቀረበውን የእግድ ጥያቄ አልተቀበሉም። የማስክ ስጦታ በአደራ የተያዘ ንብረት ፈጥሯል ወይ የሚለው ግን ወዲያም ወዲህም ሊያጋድል የሚችል መሆኑን ገልጸው፣ ጉዳዩን በአፋጣኝ ለማየት ዝግጁነታቸውን አሳወቁ።

ውሳኔው በአብዛኛው የተቋጨው ከችሎት ውጭ ነው። ከካሊፎርኒያና ከደላዌር ጠቅላይ ዐቃብያነ ሕግ ጋር ከተነጋገረ በኋላ፣ ኦፕንኤአይ በሜይ 2025 ቁጥጥሩ ከእናት ድርጅቱ እጅ እንደማይወጣ አስታወቀ። በኦክቶበር 28 የአደረጃጀት ሽግሽጉ ሲጠናቀቅ፣ ፋውንዴሽን የተባለው እናት ድርጅት ከአዲሱ ትርፋማ ኩባንያ 26 በመቶ፣ ማይክሮሶፍት 27 በመቶ ገደማ ያዙ፤ ቀሪው ለሠራተኞችና ለሌሎች ባለሀብቶች ሆነ። የአዲሱን ኩባንያ የቦርድ አባላት የሚሾመውና የሚሽረው ግን አሁንም ፋውንዴሽኑ ነው። ከመቶኛው ይልቅ በዓይነ ቁራኛ ሊጠበቅ የሚገባው ይህ ሥልጣን ነው።