የፊተኛውን እግር መከተል

ብሪታኒያዊው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክራውሊ ራሱም የማራቶን ሯጭ ነው። የኢትዮጵያን አትሌቶች ሕይወት ሊያጠና አዲስ አበባ መጥቶ ከአንድ ዓመት በላይ አብሯቸው ሮጧል። እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመው መጽሐፍ አትሌቶቹ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ልምምዳቸውን እንዴት እንደሚሠሩ ይተርካል፤ በአንድ መስመር ተከታትለው፣ በባሕር ዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዙ፣ የኋለኛው የፊተኛውን እግር እያየ ይሮጣሉ። ለእነሱ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ለጤናው ያህል የሚሮጥ ነው። መለወጥ የፈለገ ከሰው ጋር ይሠራል።

እምነታቸው ከጓደኝነት ያለፈ ምክንያት አለው። አሯሯጥ በምክር ብቻ አይስተካከልም። «ትከሻህን ዘና አድርግ፣ እርምጃህን አሳጥር» የተባለ ጀማሪ ስለ ትከሻው ሲያስብ እግሩን ይረሳል። ከፊቱ ዘና ብሎ የሚሮጥ ሰው ካለ ግን ዐይኑ ያየውን ምት እግሩ ሳያስበው መያዝ ይጀምራል። ይህ በታላላቅ ውድድሮችም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 በበርሊኑ የዓለም ሻምፒዮና የ100 ሜትር ፍጻሜ ዩሴን ቦልትና ታይሰን ጌይ ቁመታቸውም የእርምጃቸው ርዝመትም የተለያየ ነበር። ሆኖም የውድድሩን ቪዲዮ የመረመሩ ተመራማሪዎች የሁለቱ እርምጃ በየመሀሉ አንድ ላይ ይገጥም እንደነበር አሳይተዋል።

ምቱ ለምን ይጠቅማል?

ብዙ ጀማሪዎች እግራቸውን አርቀው ይወረውራሉ። ተረከዛቸው ከጉልበታቸው ፊት ርቆ ስለሚያርፍ እያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን እንደመያዝ ይሆንባቸዋል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ጉልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጥናት 45 ሯጮችን በመሮጫ ማሽን ላይ ፈትኗል። ፍጥነታቸው ሳይለወጥ በደቂቃ የሚረግጡት እርምጃ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲጨምር በጉልበትና በዳሌ ላይ የሚያርፈው ጫና ቀንሷል። አጠር ያለና ቶሎ ቶሎ የሚረግጥ እርምጃን ደግሞ ሰዓት እያዩ ከመቁጠር ይልቅ ልምድ ያለውን ሰው ተከትሎ መያዝ እጅግ ይቀላል።

መምሰል ግን ልክ አለው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ስለነበር፣ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር እንኳ ግራ እጁ ደብተር እንደያዘ ታጥፎ ይታይ ነበር። ፓውላ ራድክሊፍ ደግሞ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች እ.ኤ.አ. በ2003 ለንደን ላይ ማራቶንን በ2:15:25 ጨርሳለች፤ ይህ የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን 16 ዓመት ቆይቷል። እያንዳንዱ አካል የራሱ ጠባይ አለው። ከሌላው መውሰድ የሚገባው ምቱንና መዝናናቱን ነው፤ የእጅ አያያዙን መቅዳት አያስፈልግም።

የቡድኑ ፍጥነትም መመጠን አለበት። ዙሩ ሲከር ከአቅሙ በላይ የሚከተል ሰው ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ወገቡ ይጎብጣል። እንዲህ ሆኖ የሚሮጠው እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር መጥፎውን አሯሯጥ ያስለምደዋል። ስለዚህ ጀማሪ እያወራ ሊከተለው ከሚችል ቡድን ጋር ቢጀምር ይሻላል። አቅሙ እየጠነከረ ሲሄድ በሳምንት አንድ ቀን ፈጠን ካሉት ኋላ ይሰለፍ፤ ምቱ ሲያመልጠውም ሳያፍር ወደ ኋላ ይቅር። መሪነቱን በየተራ መቀያየርም ይረዳል። ከኋላ ያለው ሰው የፊተኛው ትከሻ መወጠሩን ከባለቤቱ ቀድሞ ያያልና ወዲያው ሊነግረው ይችላል።